ለቡሬዋ እህታችን፦ የአባትሽን ሸክላ በጅምላ እንዳትሸጪው

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ቡሬ አባትሽ ቤት አንድ ሳጥን ሙሉ የድሮ የሙዚቃ ሸክላ ተገኘ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሁሉንም በ15 ሺህ ብር ልውሰደው አለሽ። ልሽጥ ወይስ ልተው ነው ያልሽው። የመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ "ለሙዚየም ስጪው" ግማሾቹ ደግሞ "ሳይሸሽ ተቀበዪው" ብለዋል። ሁለቱንም አትስሚ። እኔ የደብረ ማርቆስ ሰው ነኝ። አጎቴ በንጉሡ ጊዜ ቡና ቤት ነበረው፤ ሸክላዎቹ እኔ እጅ ገብተው ያየሁትን አይቻለሁ። አንቺ ማለቴን አትቀየሚኝ፤ በአጻጻፍሽ ታናሼ መስለሽኛል።

1. ሰውየው መልሶ ሲደውል "ገና ከወንድሞቼ ጋር አልተማከርንም" በይውና ስልኩን ዝጊ። ተማክራችሁ ቢሆንም በይው። እኔ ጋ የመጣው ደላላ ሳጥኑን አገላብጦ "የተጫረ ነው፣ እኔ እንኳ ለቤት ጌጥ ነው የምወስደው" አለኝ። ለጌጥ የሚወስድ ሰው እያንዳንዷን ሸክላ አውጥቶ ወደ መስኮት እያዘነበለ ያያል እንዴ? ዓይኑን ስከተል አራት አምስቷን ብቻ ደጋግሞ ይነካል። እሱ የሚከፍለው ለነዚያ ነው፤ ሌላው ማጀቢያ ነው። ጅምላ የሚወዱት ለዚህ ነው፤ የትኛዋ ውድ እንደሆነች እንዳታውቂ።

2. ደብተር አውጪና ለአንድ ሸክላ አንድ መስመር ስጪ። የዘፋኙን ስም፣ የሁለቱን ገጽ ዘፈን፣ መሃሉ ላይ ባለው ክብ ወረቀት ያለውን የአሳታሚ ስምና ቁጥር ጻፊ። አምሃ ሪከርድስ የሚል ካለ ለብቻው አድርጊው። አምሃ እሸቴ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ አዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ሰውየው ደፍሮ ገባበት። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላና 12 ትልልቅ አሳትሞ ከአገር ወጣ። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላ ቀረ። ተጨማሪ የማይታተም ነገር ነውና የሚፈለገው ለዚህ ነው። ካይፋ፣ ማለትም የዓሊ ታንጎ አሳታሚ፣ እና ፊሊፕስ የሚሉትንም አብረሽ ለያቸው።

የዘፋኙ ዝና ግን እንዳያታልልሽ። ታዋቂ ዘፈን ብዙ ታትሞ ብዙ ቤት ገብቷል፤ ስለዚህ ብዙ ይገኛል። የውጭ ሰብሳቢዎች ደግሞ የሚያሳድዱት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የድሮ ዘፈኖቻችንን የያዘው ኢትዮፒክስ የሚባል የፈረንሳዮች ተከታታይ ሲዲ መውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ፊልም የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አባቶቻችን "ዘፈን የለበትም" ብለው ጥግ የወረወሩት የመሣሪያ ሙዚቃ በመቶዎች ዶላር ይጠየቅበታል። የኛው የጎጃም ልጅ ሙሉቀን መለሰም ካረፈ ወዲህ ደላላው ገና ሰላምታ ሳይጨርስ "ሙሉቀን አለህ?" ይላል። ሽፋኑ ላይ ባርኮድ ካየሽ ግን አትደሰቺ፤ በቅርብ ዓመታት እንደገና የታተመ ነው፤ የዚያን ዘመን ሸክላ ባርኮድ የለውም።

ዋጋውን ዲስኮግስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በቁጥሩ ፈልጊው። ሻጮች የጠሩትን ዋጋ ተዪው፤ መጥራት ማንም ይጠራል። ከታች በስንት እንደተሸጠ የሚያሳየውን እዪ፤ ትንሹን፣ መካከለኛውንና ትልቁን ያወጣልሻል። ሰብሳቢዎች የሚሠሩበት ልማድ አለ፦ እንከን አልባ ሊባል የቀረበ ሸክላ ሙሉ ዋጋውን ያወጣል። ቀላል ጭረት ካለው ግማሹን፣ ጭረቱ እየተሰማ ዘፈኑ የሚሄድ ከሆነ ሩቡን። ቡና ቤት የከረመ ሸክላ ብዙውን ጊዜ ሩብ ላይ ነው። የአባትሽ ግን ቤት ውስጥ የነበረ ስለሆነ ከኔ ትሻያለሽ።

3. ወንድምሽ በአረቄ ላጽዳው ብሏል ያልሽውን አንብቤ ደነገጥኩ። በአስቸኳይ አስቁሚው። ከባድና እንደ ሳህን የሚሰበር፣ በደቂቃ 78 የሚዞር የጥንት ሸክላ ካለ አልኮል ያሟሟዋል። ትንንሾቹ ፕላስቲክ ስለሆኑ ይሻላሉ፤ ቢሆንም የተጣራ ውሃና ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይበቃል። ለስላሳ ጨርቅ ይዘሽ መስመሩን ተከትለሽ አዙሪ፤ የመሃሉን ወረቀት እንዳታርሺው። አቁመሽ ደርድሪው፤ አታነባብሪው።

4. ደብዳቤ። እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል፣ ታገሺኝ።

እኔ ገዢ ያገኘሁት ጀርመን የሚኖር ሰብሳቢ ነው። ተስማማን። ዕቃው ከአገር ሲወጣ ግን "ቅርስ አይደለም የሚል ወረቀት አለህ?" ይባላል አሉኝ። እውነት ነው፣ በአዋጅ 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ሸክላ ቅርስ ነው ወይ ብትዪኝ መልሱ የሚወሰነው ጠረጴዛው ጀርባ በተቀመጠው ሰው ነው። እኔም ሕግ አክባሪ ነኝ ብዬ ዝርዝሬን ይዤ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ።

ጠረጴዛው ጀርባ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል "ዕቃውን አምጣው፣ ኮሚቴ ያየዋል" አለኝ። ፎቶ አለኝ አልኩት። "በፎቶ አይገመትም" አለ። እሺ፣ ይሄስ ልክ ነው። አመጣሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አስቀምጠህ ነገ ተመለስ። ነገ ስሄድ መስክ ወጥተዋል። በማግስቱ ሥልጠና ላይ ናቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ወር አለፈ። ሸክላዎቹ የት እንደተቀመጡ ታውቂያለሽ? ብረት መደርደሪያ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥ ብላ በምትገባበት። ማርቆስ ብርድ ነው ይባላል፤ መስታወት ጀርባ ግን ምጣድ ነው። አንሱልኝ ብዬ ለመንኩ። "የቢሮውን አደረጃጀት አንተ ልታስተምረን ነው?" አለችኝ ሌላዋ። አንድ ቀን ስገባ ደግሞ ልጁ የሻይ ብርጭቆውን ምን ላይ አስቀምጦታል መሰለሽ? የብዙነሽ በቀለ ሸክላ ሽፋን ላይ! ክቡ እስከዛሬ ታትሞ አለ።

በመጨረሻ ደብዳቤው ወጣ። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው። "የቀረቡት ዕቃዎች ቅርስ ሆነው አልተገኙም" ይላል። ዕቃው ሲመለስልኝ ከላይ የነበሩት ዘጠኙ እንደ አምባሻ ጎብጠዋል። ከነሱ ውስጥ ሁለቱ ከሳጥኑ ሁሉ ውድ ነበሩ። መርፌው ላያቸው ላይ ሲሄድ ይዘላል፤ ድምፁ ይዋዥቃል። አቤት ስል ኃላፊው "አሮጌ ዕቃ ነው፣ ምን ያናድድሃል" አለኝ። አሮጌ ዕቃ! ታዲያ አሮጌ ዕቃ ከሆነ ኮሚቴው ወር ሙሉ ምን ሲመረምር ነበር?

እኔ ግን ዝም አላልኩም። ከማስረከቤ በፊት እያንዳንዱን በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንስቼ፣ ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ ልጁን አስፈርሜው ነበር። ሳያነብ ነው የፈረመው፤ የሱ ጉዳይ። ያንን ይዤ እስከ በላይ አካል ደረስኩ። ገንዘብ አልከፈሉኝም፤ ይቅርታ ግን በጽሑፍ ወስጃለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከቢሮ በጽሑፍ ይቅርታ ያገኘ ሌላ ሰው ካለ ይንገረኝ። ጀርመን ያለው ሰውም ደህና የተረፉትን በየአንዳንዱ ዋጋ ከፍሎ ወሰደ። ደላላው ለሙሉው ሳጥን ከሰጠኝ ብዙ እጥፍ ነው። ደላላው ይህን ሲሰማ ደውሎ "ወንድሜ ተጎዳህ፣ እኔ ጨምሬ እሰጥህ ነበር" አለኝ። እግዜር ያሳይሽ።

ስለዚህ ወደ ውጭ ካልሸጥሽ በቀር ቢሮ አትሂጂ። አዲስ አበባ ውስጥም አንድ በአንድ የሚገዙ ሰብሳቢዎች አሉ። መሄድ ግድ ከሆነ ሁሉንም አታስረክቢ፤ አሳይተሽ በዚያው ቀን ይዘሽ ተመለሺ። አይሆንም ካሉ በዝርዝር አስፈርሚ። ወደ አዲስ አበባ ስትወስጂም ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እንዳታስጭኚው፤ የአባይ በረሃ ሙቀት ከዚያ ቢሮ መስኮት አይሻልም። እግርሽ ሥር ያዢው፤ ረዳቱ ቢያጉረመርም የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምሪለት።

ማጫወቻውንም አይቼዋለሁ፤ በለጠፍሽው ፎቶ ላይ መርፌው የተሰበረ ይመስላል። በዚያ መርፌ አንድም ሸክላ እንዳትሞክሪ፤ ያበላሸዋል።

ዝርዝሩን ስትጨርሺ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። እዚህ ግን የሸክላዎቹን ፎቶ እንዳትለጥፊ። ያ የ15 ሺሁ ሰውዬ እዚህም ይኖራል፤ ከላይ "ቶሎ ተቀበዪው" ካሉሽ አንዱ እሱ ላለመሆኑ እኔ ዋስ አልሆንም።