መልስ፦ ቦይንግን የጣለው የአብራሪ ስህተት ነው?

የደብረ ብርሃኑ ወንድሜ፣ ስለወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን «አብራሪዎቹ ማጥፊያውን ቢዘጉ ኖሮ አይተርፉም ነበር?» ብለሃል። ዘግተውት ነበር። የዚያ በረራ (በረራ 302) አብራሪዎች የጭራውን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ አቋርጠዋል፤ ግን አውሮፕላኑ በጣም ይፈጥን ስለነበር የነፋሱ ጫና በእጅ የሚዞረውን መዘውር አላስዞር አለ።

ጥፋቱ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ኤምካስ የተባለው፣ አፍንጫው በጣም ቀና ሲል በራሱ ወደ ታች የሚደፋው ሶፍትዌር፣ የአፍንጫውን ቀና ማለት የሚሰማው ከአንድ ዳሳሽ ብቻ ነበር፤ አውሮፕላኑ ግን ሁለት አለው። አንዱ ሲሳሳት የሚያመሳክር አልነበረም። በአንድ ጊዜ ጭራውን እስከ 2.5 ዲግሪ ያዞር ነበር፤ አብራሪው ሲመልሰው ከ5 ሰከንድ በኋላ ደግሞ ይጀምር ነበር። ከኢንዶኔዥያው አየር መንገድ ከላየን ኤር አደጋ (189 ሰው የሞተበት) በፊት አብራሪዎች ስለ መኖሩም አልተነገራቸውም። ከዚያ አደጋ 5 ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011፣ ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰው አጣን።

ሥሩ ይመስለኛል እ.ኤ.አ. በ1997 ከሌላው አውሮፕላን ሠሪ ከማክዶኔል ዳግላስ ጋር የተደረገው ውህደት ነው፤ በ2001 ዋናው መሥሪያ ቤት ከሲያትል ወደ ቺካጎ ሲሄድ አለቆቹ ከመሐንዲሶቹ ራቁ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ከአንድ 737 ማክስ በአየር ላይ ተገንጥሎ የወደቀው የበር መድፈኛም (የማያስፈልግ በር ቦታን የሚዘጋው ክዳን) ያው ነው፦ ለሪቬት (የብረት ማያያዣ ሚስማር) ጥገና ሲከፈት የወጡት 4 ብሎኖች ሳይመለሱ፣ መከፈቱም ሳይመዘገብ ከፋብሪካ ወጣ።