ልብረር ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ህንድ፣ ፑንጃብ ውስጥ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ጥቅምት ላይ የዶርም ጓደኞቼ ሂማቻል ፕራዴሽ ሄደው ቢር የሚባል ቦታ ፓራግላይዲንግ (ከተራራ ተነስቶ በተዘረጋ የጨርቅ ክንፍ መብረር) ሊሞክሩ ነው። በጣም አምሮኛል፣ ግን ከፍታ እፈራለሁ። ደሴ ያለችው እናቴ ብትሰማ ደግሞ እንቅልፍ አይወስዳትም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ሂጂ ባይ ነኝ። እዚያው አገር ስማር በርሬያለሁ፤ እኔም ከፍታ እፈራለሁ። ከፎቅ ላይ ቁልቁል ሳይ የሚይዘኝ ማዞር ግን አየር ላይ አልያዘኝም። ከእግርሽ ሥር እስከ መሬት የሚወርድ ግድግዳ ስለሌለ ነው መሰለኝ።

የሚነሱት ቢሊንግ ከሚባል፣ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ተዳፋት ነው፤ የሚያርፉት ታች ቢር። በ2015 እ.ኤ.አ. የፓራግላይዲንግ የዓለም ዋንጫ ውድድር የተካሄደበት ቦታ ነው። ሞተር የለም። ፀሐይ ያሞቀችው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ጨርቁን ይዞት ይወጣል፣ አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ከፍ የሚለውም በዚሁ ነው። አንዱ አሞራ ከጎናችን ሲዞር አይኑን አየሁት፤ እስካሁን አልረሳውም።

ግን አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም። እዚያ ሰው የሞተባቸው አደጋዎች ደርሰዋል። ስለዚህ ከፍርሃትሽ በላይ ይዞሽ የሚበረው ፓይለትና ነፋሱ ያሳስቡሽ። እኔ መጀመሪያ በሄድኩበት ቀን ነፋሱ ከኋላችን ይመጣ ነበር። ለመነሳት ደግሞ ነፋስ ከፊት ነው የሚፈለገው። ይዞኝ ሊበር የነበረው ሰው «ችግር የለም» አለኝ፣ ጓደኞቼም ቶሎ በል ይሉኛል፣ ገንዘቡንም ከፍያለሁ፤ እንደምንም ብዬ አልበርም አልኩ። ቀብዱ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት አየሩ ረጋ ሲል ከሌላ ፓይለት ጋር በረርኩ። አንቺም ተዳፋቱ ላይ ቆመሽ አልበርም ማለት ትችያለሽ፣ ማንም አያስገድድሽም።

ፓይለቱን ፈቃዱን እንዲያሳይሽ ጠይቂው፣ መጠባበቂያ ፓራሹት መያዙንም። የሁለቱ ጭኖችሽ ቀበቶ መታሰሩን በእጅሽ ነክተሽ አረጋግጪ። ሩጪ ሲልሽ ሩጪ! ብዙ ሰው ጨርቁ ወደ ኋላ ሲጎትተው ደንግጦ ይቀመጣል፤ አንቺ እግርሽ መሬት እስኪያጣ ድረስ አታቁሚ። ዙሩ ሲበዛ ሊያቅለሸልሽሽ ስለሚችል ሆድሽን ሞልተሽ አትሂጂ፣ ካስመለሰሽም ሳታፍሪ ንገሪው፣ ቶሎ ያወርድሻል። የተማሪ ኢንሹራንስሽንም አንብቢው፤ ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነቱን ስፖርት አይሸፍኑም።

የመረጣችሁት ወር ጥሩ ነው። በዝናቡ ወቅት፣ ከጁላይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ መብረር የተከለከለ ነው።

እናትሽን በተመለከተ፣ ቪዲዮው በሰው ቴሌግራም ቀድሞ እንዳይደርሳት። እኔ ካረፍኩ በኋላ ነው የነገርኩት፣ እናቴም ለሳምንት ያህል አኩርፋኝ ነበር። የተቆጣችው በመብረሬ ሳይሆን በመደበቄ ነው። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ደውይላትና ከማን ጋር እንደምትሄጂ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ንገሪያት። እንዳረፍሽም መጀመሪያ ለእሷ ደውይ።

ጃኬት ያዢ፣ ላይ ይበርዳል።