ለሳይክል ነጂ ስጦታ ከመግዛትሽ በፊት ሳይክሉን እዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ለበዓል ስጦታ የምትገዢላቸው አምስት ሰዎች አሉ፣ ሁሉም ሳይክል ይነዳሉ፣ አንቺ ደግሞ ስለ ሳይክል ምንም አላውቅም ብለሻል። ወንድምሽ አስፋልት ላይ ይወዳደራል፣ ባለቤትሽ ጫካና ተራራ ይወጣል፣ ጓደኛሽ ሥራ የምትመላለሰው በሳይክል ነው፣ አባትሽ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለጤናቸው ይነዳሉ፣ የእህትሽ ልጅ ደግሞ ገና 6 ዓመቷ ነው። እኔ ለዓመታት የነዳሁ፣ አቧራ ሲጠጣ የሚኖር ስጦታም በየጊዜው የተቀበልኩ ሰው ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻይኝ።

መጀመሪያ የማይገዛውን እንለይ። ሰውነት የሚነካ ነገር ሳትጠይቂ አትግዢ። መቀመጫ፣ ጫማ፣ ስፖንጅ ያለው ቁምጣ፣ እነዚህን እርሺያቸው። መቀመጫ የሚመረጠው በነጂው ዳሌ ሥር ባሉት ሁለት አጥንቶች መካከል ባለው ስፋት ነው፣ እሱን ደግሞ በዓይን ገምተሽ አታገኚውም፣ ለክቼ ልይህ ማለትም አይመችም። ቁምጣው ያለ ፓንት የሚለበስ ስለሆነ ልኩ ትንሽ ከሳተ ያቆስላል። በተለይ ያ ለስላሳው፣ ጄል ያለው የመቀመጫ ሽፋን! ሰው አዝኖ ይገዛዋል፣ ሲጫኑት ደስ ይላል። ረጅም መንገድ ላይ ግን ሰውነት ይሰምጥበትና መጨመቅ የሌለበትን ቦታ ይጨምቃል። ለአጭር መንገድ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፣ ለወንድምሽ ግን በፍጹም።

ሁለተኛው የማይገዛ ነገር ልኩን ሳታውቂ ሳይክሉ ላይ የሚገጠም መለዋወጫ ነው። ሲታዩ አንድ ዓይነት የሆኑ፣ ሲገጠሙ ግን እምቢ የሚሉ ዕቃዎች ብዛት ያስገርምሻል። ለባለ 11 ማርሽ የተሠራ ካቴና ባለ 12 ላይ አይሆንም። ጫማ ሥር የምትታሰረው የፔዳል ማያያዣ ባለ ሁለት ብሎን አለች፣ ባለ ሦስት ብሎን አለች፣ አንዷ በሌላዋ ፔዳል ላይ አትገባም። ባለ ሱቁ «ለሁሉም ይሆናል» ካለሽ አትመኚው።

ታዲያ ምን ትገዢ? የሚያልቅ ነገር። ነጂው ሳይክሉን ቀድሞ ገዝቷል፣ በሚወደው ነገር ላይም ብሩን ሳይሳሳ አውጥቷል። የማይገዛው ያን ሁሌ ነገ እገዛዋለሁ የሚለውን ትንሽ ነገር ነው። መጠባበቂያ ከመነዳሪ (አየር የሚይዘው የውስጥ ጎማ)፣ የካቴና ዘይት፣ የጎማ መለጠፊያ። እንዲህ ያለው ስጦታ ሲከፈት «ዋው» አያስብልም ይሆናል፣ እሁድ ጠዋት ጎማ ተንፍሶ መንገድ ላይ ሲቆም ግን ስምሽ ይነሳል።

እዚህ ላይ አንድ ሥራ አለሽ። ባለቤቱ በሌለበት ሳይክሉ አጠገብ ቁጭ በይና የጎማውን ጎን በስልክሽ መብራት እዪው። ጎማው ላይ እየዞርሽ ጭቃውን በጣትሽ ጠረግ ጠረግ ካደረግሽ ከራሱ ከጎማው የወጣ፣ በደንብ የማይታይ ጽሑፍ ታገኛለሽ። 28-622 የሚል ካየሽ 28 የጎማው ስፋት ነው፣ 622 ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር፣ ሁለቱም በሚሊሜትር። ይቺ ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ የምትታመነው ናት፣ ምክንያቱም 700 የተባለውም 29 ኢንች የተባለውም ቸርኬ ሲለካ ያው 622 ነው። 27.5 ኢንች 584 ነው፣ የድሮው የተራራ 26 ኢንች ደግሞ 559። ከዚያ አየር የሚገባበትን ቫልቭ እዪ። ቀጭን ሆኖ ጫፉ ላይ የምትፈታ ሚጢጢ ነገር ካለችው ፕሬስታ ይባላል። ወፍራም ከሆነ፣ መኪና ጎማ ላይ የምታውቂው ዓይነት ማለት ነው፣ ሽሬደር ነው። ወፍራሙ ለቀጭኑ በተሠራ ቀዳዳ አያልፍም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ፎቶ አንስተሽ ሱቅ ከገባሽ ማንም አይሸውድሽም።

ይህን ከራሴ አይደለም የተማርኩት። ታላቅ እህቴ ስለ ሳይክል አንዲት ቃል የማታውቅ ሰው ናት፣ አንድ በዓል ላይ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ በእግር ተረግጦ በሁለት እጅ የሚነፋ ፓምፕ፣ የግፊት መለኪያ ያለው፣ አመጣችልኝ። እንዴት አወቅሽ ስላት ተኝቼ ሳለ የቫልቩን ፎቶ አንስታ ለባለ ሱቁ እንዳሳየችው ነገረችኝ። እስከ ዛሬ ከተሰጡኝ ሁሉ በብዛት የምጠቀምበት እሱን ነው። ሰው ጎማውን በአውራ ጣት ተጭኖ «ይበቃዋል» ይላል፣ ጣት ግን ምንም አይለካም። የአስፋልት ጎማ እንደ ስፋቱና እንደ ነጂው ክብደት ከ60 እስከ 100 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሊፈልግ ይችላል፣ የተራራው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ነው። ቤታቸው መለኪያ ያለው ፓምፕ ከሌለ ለአምስቱም ነገር ሳታበዢ እሱን ግዢ ብዬ እመክርሻለሁ።

አሁን በየሰዉ እንሂድ።

የሚወዳደር ሰው ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም የሚፈልገውን ነገር እስከ ቀለሙ ያውቀዋል። ወንድምሽም እንደዚያ ከሆነ ልብስና ዕቃ ልምረጥልህ ብለሽ አትድከሚ። እየነዱ ለጉልበት የሚበላው የኃይል ጄልም ሆዱ የለመደውን ካላወቅሽ ይቅር። መሣሪያ ግን ይወዳል። ቶርክ መፍቻ የሚባል አለ፣ ብሎኑ በልኩ ሲጠብቅ የሚያሳውቅ። የውድድር ሳይክሎች ብዙ ክፍላቸው ካርቦን ነው፣ ካርቦን ደግሞ ከልክ በላይ ከጠበቀ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ዕቃው ላይ ራሱ 5 ኒውተን ሜትር (ብሎኑ የሚጠብቅበት ልክ) ወይም እንደዚያ ያለ ቁጥር ተጽፎበት ታያለሽ። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር እያየ በእጁ ግምት ያጠብቃል። ዋጋው ከበዛብሽ የካቴና መለኪያ አለ፣ እሱ ቀላል ብረት ነው፣ ካቴናው ተበልቶ መርዘሙን ያሳያል። የተበላ ካቴና ዝም ከተባለ የማርሹን ጥርሶችም ይዞ ነው የሚጠፋው፣ ያኔ ወጪው ሌላ ነው። ከመነዳሪ የምትገዢለት ከሆነ አንድ ነገር፦ የውድድር ቸርኬ ጠርዙ ጥልቅ ከሆነ፣ ማለትም ወደ መሃል ከረዘመ፣ አጭር ቫልቭ አይወጣለትም፣ 60 ወይም 80 ሚሊሜትር ሊፈልግ ይችላል።

ባለቤትሽን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፣ ጎማህ ከመነዳሪ አለው ወይስ የለውም በይው። የለውም ካለ ውስጡ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ አለ ማለት ነው፣ ይህ ፈሳሽ በጥቂት ወራት ይደርቃል፣ ስለዚህ አንድ ጠርሙስ መቼም አይተርፍም። ትልቅ ቀዳዳ የሚወተፍበት ትንሽ የጎማ ክር ከነመውጊያው ጨምሪበት፣ ኪስ ውስጥ የሚገባውን። አለው ካለሽ በፎቶሽ ልክ ሁለት ከመነዳሪ። የሚረጭ ዘይት ግን አደራ እንዳትገዢለት። የዲስክ ፍሬን ላይ ትንሽ ካረፈበት የፍሬኑ ሸራ ዘይት ይጠጣል፣ ከዚያ በኋላ ይጮሃል እንጂ አይዝም፣ ተራራ እየወረድሽ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። ዘይት ከሆነ በጠብታ የሚወርደውን።

ሥራ የምትሄደው ጓደኛሽ የምትፈልገው ነገር ግልጽ ነው፣ መብራትና መቆለፊያ። መብራት ስትገዢ ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ ይሁን። መንገድ መብራት ባለበት የምትነዳ ከሆነ ለመታየት የሚበቃ ትንሽ ይሆናታል፣ በጨለማ የምትሄድ ከሆነ ግን መንገዱን የሚያሳያት፣ እኔ ከ400 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በታች አልገዛም። መቆለፊያው ያ ቀጭኑ ሽቦ አይሁን፣ በመቁረጫ አንዴ ነው የሚሄደው። በዩ ቅርጽ የተሠራው ወፍራም ብረት ይከብዳል፣ ይከብዳል እንጂ ሳይክሏን ስትመለስ ታገኘዋለች። ፓራፋንጎ ከሌላት እሱም ጥሩ ነው፣ በዝናብ ቀን ጀርባዋ ላይ የጭቃ መስመር ይዛ ቢሮ ከምትገባ።

ለአባትሽ መስታወት። ማንም የማያስበው ስጦታ ነው። ዕድሜ ሲገፋ አንገት ዞሮ ከኋላ የሚመጣ መኪና ማየት ይከብዳል፣ ሲዞሩም ሳይክሉ አብሮ ይዞራል። መሪው ጫፍ ላይ የምትታሰር ትንሽ መስታወት ይህን ታቀላለች። እሳቸው «እኔ ምን ቸገረኝ፣ ለምን ታወጪያለሽ» ይሉሻል፣ አንቺ ግን ራስሽ ግጠሚላቸውና አብረሽ አንድ ዙር ሂጂ። መስታወት አለኝ ካሉ ጥሩ ድምፅ ያለው ደወል።

ለልጅቷ ሄልሜት። የራሷን ዙሪያ ከቅንድቧ ከፍ ብለሽ በሜትር ለኪ፣ ሄልሜቱ ላይ ልኩ በሴንቲሜትር ተጽፏል፣ ኢኤን 1078 የሚለውን የአውሮፓ ደረጃ ወይም የአገርሽን ደረጃ ምልክት ውስጡ ፈልጊ። ሰው የተጠቀመበት አትውሰጂ፣ አንዴ ከወደቀ ስፖንጁ ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል፣ ከውጭ አይታይም። እና ቀለሙን እሷ ትምረጥ፣ ያልወደደችውን አታደርገውም። ሳይክል ራሱን ልትገዢላት ካሰብሽ ደግሞ «ታድግበታለች» ብለሽ ትልቅ አትውሰጂ። ተቀምጣ እግሯ መሬት የማይነካ ልጅ ትፈራለች፣ የፈራ ልጅ ደግሞ ሳይክሉን ጥግ ያቆመዋል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከመሰለሽ ሳይክላቸውን ሁልጊዜ የሚያሠሩበት ሱቅ ሄደሽ የአንድ ሙሉ ሰርቪስ ክፈዪላቸው፣ ማንም አይጠላውም። የወንድምሽን ጎማ ጎንና ቫልቭ ፎቶ ግን አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልን፣ የቱን ከመነዳሪ እንደምትገዢ እንነግርሻለን።