ሃዛርድ ፐርሴፕሽን ሁለቴ ለጣለሽ እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ቀን ትዝ አለኝ። የመንጃ ፈቃዱ ቲዎሪ ፈተና ላይ የጥያቄውን ክፍል ከ50 46 አምጥተሻል። ሃዛርድ ፐርሴፕሽኑ፣ ማለትም አጫጭር የመንገድ ቪዲዮዎች (ክሊፖች) እያየሽ አደጋ መፈጠር ሲጀምር ማውዝ የምትጫኚበት ክፍል ላይ ግን 39 ላይ ቀረሽ። ሁለተኛ ጊዜሽ ነው። «ብዙ ክሊክ ላድርግ ወይስ ትንሽ? ጣቴ ነው የሚዘገየው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ እንግሊዝ አገር መጀመሪያ የወደቅኩት በዚሁ ክፍል ነው፤ 41 አምጥቼ። በሦስት ነጥብ ብቻ! ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ አቆጣጠሩን እንይ፤ ብዙ ሰው ይሄን በቅጡ ሳያውቅ ነው የሚገባው። ክሊፖቹ 14 ናቸው። ነጥብ ያላቸው አደጋዎች ግን 15 ናቸው፣ አንዱ ክሊፕ ውስጥ ሁለት ስላለ። እያንዳንዱ እስከ 5 ይይዛል፣ ጠቅላላው 75 ነው። ለመኪና ማለፊያው 44። ካሰብሽው ከእያንዳንዱ በአማካይ 3 ብታገኚ ታልፊያለሽ። ሁሉንም 5 ካላገኘሁ ብሎ መንገብገብ አያስፈልግም። እኔን አንዱ የጣለኝ ይሄ መንገብገብ ነው።

አምስቱ ነጥብ የሚገኘው አደጋው መፈጠር ሲጀምር ነው። ከዚያ በቆየሽ ቁጥር 4፣ 3፣ 2 እያለ ይወርዳል። አደጋው ሳይጀምር የተጫንሽው ደግሞ አይቆጠርልሽም። ለዓመታት የነዳ ሰው ሁሉ ሳይቀር የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ቶሎ ያያል፣ ቶሎ ይጫናል፣ «አገኘሁት» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ነጥቡ ግን ገና መቆጠር አልጀመረም።

እስቲ አንድ ነገር በዓይነ ህሊናሽ ተመልከቺ። በግራ በኩል መኪኖች ቆመዋል። አንዱ ውስጥ ሰው መሪው ላይ ተቀምጧል። ይሄ ገና አደጋ አይደለም፣ አደጋ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ከዚያ የቀኝ ፍሬቻው ብልጭ ይላል። የፊት ጎማው ወደ መንገዱ ዞር ይላል። አሁን ጀመረ! መኪናው ወጥቶ መንገድሽን እስኪዘጋ ከጠበቅሽ ዘግይተሻል። ሰውየውን እንዳየሽ ተጭነሽ ከተውሽው ደግሞ ቀድመሻል። ስለዚህ ሰውየውን ስታዪ ተጫኚ፣ ጎማው ሲዞር ድገሚ። የተሳሳተ ክሊክ ነጥብ አይቀንስብሽም፤ ሁለቴ ሦስቴ መጫን ችግር የለውም።

ችግር የሚሆነው ዝም ብሎ መደብደብ ነው። እኔ ፈተና ልገባ ስል አንድ ጓደኛዬ «በየሁለት ሰከንዱ መጫን ነው፣ አንዱ ይገባልሃል» አለኝ። አመንኩት። አንዱ ክሊፕ ሲያልቅ፣ አጫጫንህ ተገቢ ስላልሆነ ለዚህ ክሊፕ ዜሮ አግኝተሃል የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ መጣ። ክው አልኩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ክሊፖች በፍርሃት ማውዙን አልነካሁትም ማለት ይቻላል። አንድ መጥፎ ምክር ሦስት ክሊፕ በላብኝ። ይሄን ምክር ዛሬም ሰው ለሰው ሲያቀብለው እሰማለሁ፣ በጣም ያናድደኛል። እባክሽ ማንም ቢነግርሽ አትስሚ።

«እንግሊዝኛው ነው የሚያስቸግረው» የሚሉሽንም እንዲሁ። ከ2014 ወዲህ ቲዎሪውን በሌላ አገር ቋንቋ በድምፅ ተርጉሞ ማሰማት መቅረቱ እውነት ነው። ክሊፖቹ ላይ ግን የሚነበብ ነገር የለም። እንግሊዝኛሽማ 46 አምጥቷል።

የኛን ሰው በተለይ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ይመስለኛል። እዚህ የሚነዳው በግራ ነው። አገር ቤት የነዳ ሰው ዓይኑ በሌላኛው አቅጣጫ ነው የለመደው። እኔ መስቀለኛ መንገድ ላይ በደረስኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ወደ ተሳሳተው በኩል ነበር። ከቀኝ የሚመጣውን ሳየው አንድ ሰከንድ አልፎኛል። አንድ ሰከንድ ደግሞ እዚህ ፈተና ላይ ብዙ ነው። ይሄን ማንም አልነገረኝም፤ የሞክ (የመለማመጃ) ቪዲዮዎቹን ደጋግሜ ሳይ ነው የነቃሁት።

ታዲያ ምን ረዳኝ? አውቶቡስ። ሥራ የምሄደው ባለ ፎቅ አውቶቡስ ነበር። ላይኛው ፎቅ ላይ የፊተኛውን ወንበር ይዤ መንገዱን አያለሁ። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ሰውነትሽ ትንሽ ወደ ፊት ሳብ ይላል አይደል? ያ ከመምጣቱ በፊት ምክንያቱን ለማግኘት እሞክራለሁ። «ሴትዮዋ ጋሪዋን ወደ ጠርዙ አስጠጋች።» «የዚያ ቫን የፍሬን መብራት በራ።» «ብስክሌተኛው ወደ ኋላ ዞሮ አየ፣ ሊወጣ ነው።» በልቤ እንዲህ እያልኩ እቆጥራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ቀደመኝ። በሁለተኛው እኔ መቅደም ጀመርኩ።

ፈተናው የሚጠይቅሽም ይሄንኑ ነው፦ ፍጥነት እንድትቀንሺ ወይም አቅጣጫ እንድትቀይሪ የሚያደርግሽ ነገር ጀመረ ወይ? ስለዚህ ክሊፑን ስታዪ «አሁን እግሬን ከነዳጁ አነሳለሁ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መልሱ አዎ ከሆነ ተጫኚ። ጣትሽ አልዘገየም እህቴ፣ ጥያቄው ነው የዘገየው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። ክሊፑ አንዴ ነው የሚታየው፣ አይደገምም። ስትጫኚ ታች በኩል ቀይ ባንዲራ ይወጣል፤ መጫንሽን ነው የሚያሳየው፣ ልክ መሆንሽን አይደለም፣ ባንዲራዋን እያየሽ አትዘናጊ። አንድ አደጋ ካገኘሽ በኋላም እስከ መጨረሻው እዪ፣ ሁለት ያለበት የትኛው እንደሆነ አይነገርሽም። በዝናብ፣ በበረዶና በማታ የተሠሩ ክሊፖችም ስላሉ በፀሐይ ቪዲዮ ብቻ አትለማመጂ።

ሌላው የሚያንገበግበው፣ አንዱን ክፍል ከወደቅሽ ሁለቱንም ነው የምትደግሚው፣ የፈተናውን ክፍያ 23 ፓውንዱንም እንደገና። ስለዚህ ያን 46 እንዳታጪው በየቀኑ ጥቂት ጥያቄ ነካ ነካ አድርጊ። ሦስት የሥራ ቀን ካለፈ መድገም ይፈቀዳል። እኔ ግን አትቸኩዪ እልሻለሁ። ሁለት ሳምንት አውቶቡስ ላይ፣ ላይኛው ፎቅ፣ የፊተኛው ወንበር። ከዚያ ቀጠሮ ያዢ።