የኤደን ባሕረ ሰላጤ የሙቀት ሴክሽን ለምን ይሰባበራል?

ወንድሜ፣ የሲቲዲ (በገመድ ወርዶ ጨዋማነት፣ ሙቀትና ግፊት የሚለካ መሣሪያ) ጣቢያዎችንና በመካከላቸው የተጣሉትን ኤክስቢቲዎች (ባሕር ላይ ተጥለው እየሰመጡ ሙቀት የሚለኩ ባለሽቦ ፕሮቦች) ባንድ ሴክሽን፣ ማለትም በርቀትና በጥልቀት በተሣለ የባሕሩ ቁመታዊ ቁራጭ፣ ስትስል ቴርሞክላይኑ (ሙቀቱ በፍጥነት የሚወርድበት ንብርብር) እንደ ደረጃ እየዘለለ፣ በየጣቢያው ዙሪያም ክብ ክብ ነገር እየወጣ አስቸግሮኛል ብለሃል። የሁለቱ ምክንያት ይለያያል። መጀመሪያ ጥልቀቱን አጥራ።

ኤክስቢቲ ግፊት አይለካም፤ ጥልቀቱ የሚሰላው ፕሮቡ ውሃ ከነካ ወዲህ ካለፈው ጊዜ ነው። በድሮው የአምራቹ ቀመር ጥልቀቱ 6.472 × ጊ − 0.00216 × ጊ² ነበር (ጊ በሰከንድ)። ፕሮቡ ግን ከዚያ ይፈጥናል። በ1995 የታተመው እርማት 6.691 × ጊ − 0.00225 × ጊ² ሲሆን ለቲ-4፣ ቲ-6፣ ቲ-7 እና ዲፕ ብሉ የፕሮብ ዓይነቶች ያገለግላል፤ ቲ-5 ላይ አትጠቀምበት። ድሮ 500 ሜትር የተባለው በእርማቱ 517 አካባቢ ይሆናል። ሙቀቱ በየሜትሩ 0.1 ዲግሪ በሚወርድበት ንብርብር የ3 ሜትር ስህተት እንኳ 0.3 ዲግሪ ነው፤ ደረጃው የሚመጣው ከዚህ ነው። ፋይሉ አስቀድሞ ታርሞ ከሆነ አሮጌውን ጥልቀት ወደ አዲሱ በሚቀይረው 1.0336 ደግመህ እንዳታባዛው። 100ኛውን ሰከንድ ተመልከት፦ 625.6 ሜትር ካለ አሮጌው ነው፣ 646.6 ካለ አዲሱ። ቴርሚስተሩ (የፕሮቡ ሙቀት ለኪ) ከውሃው ሙቀት ጋር እስኪስማማ ጥቂት ጊዜ ስለሚፈልግ የላይኛውን 4 ሜትር ጣል።

ከሲቲዲው የምትወስደው ሲወርድ የመዘገበውን ንባብ ነው። ሲወጣ የብረት ማዕቀፉ የበጠበጠው ውሃ ዳሳሾቹ ጋ ይደርሳል። መርከቧ ስትወዛወዝ መሣሪያው ወደ ኋላ የተመለሰባቸውን ንባቦችም አውጣ።

አሁን የዚህ ባሕር ዋና ወጥመድ። ከ400 እስከ 800 ሜትር ገደማ ከቀይ ባሕር በባብ ኤል መንደብ የወጣው ሞቃትና ጨዋማ ውሃ ተዘርግቶ ይገኛል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ወደ ታች ሲወርዱ መልሶ ሊጨምር ይችላል። ለሌላ ባሕር የተሠራ አውቶማቲክ የጥራት ፍተሻ ይህን እንደ ስህተት ይሰርዘዋል። አትፍቀድለት። አጠገቡ ባለው ሲቲዲ ላይ ጨዋማነቱ በዚያው ጥልቀት ከጨመረ ጭማሪው እውነት ነው። የኤክስቢቲ ሽቦ ሲበጠስ ወይም ሽፋኑ ሲላጥ የሚመጣው ዝላይ ግን ድንገተኛ ነው፣ ከዚያ በታች ያለው ንባብም አይታመንም።

ክቦቹ የግሪዱ፣ ማለትም በጣቢያዎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ በስሌት የሚሞላበት መረብ፣ ጉዳይ ናቸው። የአግድም ራዲየሱ (ለአንድ ነጥብ ንባብ የሚሰበሰብበት ርቀት) በጣቢያዎች መካከል ካለው ርቀት ካነሰ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ክብ ይሠራል። የርቀቱን 1.5 እጥፍ ያህል ስጠው፤ የቁመቱን ቴርሞክላይን ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሜትር ያዝ። በዚህ ባሕረ ሰላጤ አዙሪቶች 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋሉ፤ ጣቢያዎችህ በ100 ኪሎ ሜትር ከተራራቁ ስለ አዙሪት ቅርጽ ባትናገር ይሻላል። ከወለሉ እስከ 300 ሜትር ጥልቀት ባለው ክፍል ሙቀቱን በየጥልቀቱ ከማማከል የእኩል ሙቀት መስመሮችን ጥልቀት ማማከል ይሻላል፣ ቴርሞክላይኑ አይደበዝዝም። ከዚያ በታች ባለው የሙቀት ጭማሪ ምክንያት አንዱ ሙቀት ሁለት ሦስት ጥልቀት ስለሚኖረው ዘዴው አይሠራም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቴርሞክላይኑ ከጣቢያ ጣቢያ 10 ሜትር ያህል ከዘለለ የውስጥ ማዕበል (ከወለሉ በታች በውሃው ንብርብሮች መካከል የሚሄድ ማዕበል) ሊሆን ይችላል። አንድ ጣቢያ ላይ ለ12 ሰዓት ተኩል ያህል ተደጋግሞ የተወሰደ ሲቲዲ ካለህ የመዋዠቁን መጠን ከዚያ አውጣ፤ ከዚያ ያነሰውን ልዩነት እንደ ቦታ ልዩነት አትቁጠረው።