ሞራው ሲወጣ ለግላኮማውም ቱቦ ይግባ?

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አብራኝ ትኖራለች። ለግላኮማ ላታኖፕሮስትና ቲሞሎል የሚባሉ የዓይን ጠብታዎች ትጨምራለች፤ የዓይኗ ግፊት 19 (በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ) ነው። አሁን ሞራም ይዟታል። ሐኪሟ «ሞራውን ስናወጣ ትንሽ ቱቦ አብረን እናስገባ» ብለዋል። ጠብታው ይቀርላታል? ያጣችው ብርሃንስ ይመለሳል?

መልስ፦ በግላኮማ ያጡት ብርሃን አይመለስም። ግላኮማ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ነው። የሞተን የዓይን ነርቭ ቱቦም ሆነ ሌላ ቀዶ ሕክምና አያድነውም። ይህን ያስቀደምነው ሞራው ሲወጣ እናትዎ አጥርተው ማየት ስለሚጀምሩ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ «ግላኮማውም ለቀቃት» ብሎ ጠብታውን ያስቆማል። የተገፈፈው ግን ሞራው ብቻ ነው።

ዓይን ውስጥ የሚመነጨው ውሃ ኮርኒያ (የዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) እና አይሪስ (ቀለም ያለው የዓይን ክፍል) በሚጋጠሙበት ማዕዘን ባለ ወንፊት አልፎ፣ የሽሌም ቦይ በሚባል ቀጭን መስመር ይወጣል። በግላኮማ ወንፊቱ ውሃውን እንደ ልብ አያሳልፍም። ሐኪሙ ለሞራው በተከፈተው ቀዳዳ ገብቶ ቱቦውን ወንፊቱን አሳልፎ ቦዩ ውስጥ ይተክላል። አይስተንት ኢንጀክት የሚባለው ቱቦ ታይታኒየም ሲሆን ርዝመቱ 0.36 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት ይተከላሉ። ሃይድረስ የሚባለው ሌላው ቱቦ ግን 8 ሚሊ ሜትር ነው።

ዋናው ነገር የግፊቱ ቁጥር ነው። ቦዩ የሚፈስሰው የራሳቸው ግፊት ከ8 እስከ 10 ወደሆነ ደም ሥሮች ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ14 ወይም 15 ብዙ አይወርድም። ስለዚህ ሐኪሙን «ለእናቴ የሚፈልጉት ግፊት ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። 16 ወይም 17 ካሉ ቱቦው ጥሩ ምርጫ ነው። ነርቩ ክፉኛ ተጎድቶ 12 ካሉ ግን ትራቤኩሌክቶሚን (ለዓይን ውሃ አዲስ መውጫ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና) የመሰለ ከበድ ያለ ሕክምና ያስፈልጋል፤ በትንሹ ቱቦ ጊዜ ማጥፋት አይገባም። ማዕዘኑ ክፍት መሆኑም አስቀድሞ በጎኒዮስኮፒ፣ ማለትም ማዕዘኑ በልዩ ሌንስ በሚታይበት ምርመራ፣ መታየት አለበት።

ጠብታውን በተመለከተ፣ በሃይድረስ ጥናት በሽታቸው ቀላል ወይም መካከለኛ ከነበሩት መካከል ቱቦው ከሞራው ጋር የገባላቸው 66 በመቶዎቹ ከ5 ዓመት በኋላም ያለ ጠብታ ነበሩ። ሞራ ብቻ የወጣላቸው ደግሞ 46 በመቶ። ሞራ ማውጣት ብቻውን ግፊት እንደሚቀንስ ልብ ይበሉ። ቱቦው ከገባ በኋላም ጠብታ የሚያስቆመው ሐኪሙ ግፊቱን ለክቶ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ደም ዓይን ውስጥ ሊፈስና ዕይታን ሊያደበዝዝ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ይጠራል። እስኪጠራ ትራስ ከፍ አድርገው ይተኙ፤ ጎንበስ ብለው ከባድ ነገር አያንሡ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ በራሳቸው ግን አያቁሙ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚታዘዘው የስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ) ጠብታ ግፊትን ሊጨምር ስለሚችል ቀጠሮ አይለፋቸው። የቱቦውን ካርድም ይያዙ፤ ኤምአርአይ ሲታዘዝ ይጠየቃል። ሕመሙ ከበረታ፣ ዓይኑ ይበልጥ ከቀላ ወይም ብርሃን ከቀነሰ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይውሰዷቸው።