«ድንጋይ እንድትቆፍሪልኝ አልተሰደድኩም»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎቹ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ጸሐፊዋ 21 ዓመቷ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷን እየጨረሰች ነው። ለነርሲንግ የሚጠየቀውን አናቶሚ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ለክሬዲት ብላ የወሰደችው የጥንት ሥልጣኔዎች ኮርስ ግን ልቧን ወሰደው፤ በተለይ ማያዎች፣ በሜክሲኮና በጓቲማላ አካባቢ ትልልቅ ከተሞች የሠሩት ጥንታዊ ሕዝብ። አሁን አርኪኦሎጂ ልማር ትላለች። ኡበር የሚሠሩት አባቷ «ድንጋይ እንድትቆፍሪልኝ አልተሰደድኩም፤ የሞተ ሕዝብ ደግሞ ምን እንጀራ ያበላል?» አሏት። እናቷ «ጣዖት አምልኮ ልትማሪ ነው» ብለው ፈርተዋል። ስፓኒሽም አልችልም ትላለች።

ከቀላሉ ልጀምር። ስፓኒሽ ይለመዳል። ላንግሌይ ፓርክ አጠገብሽ ነው፤ እዚያ ያለው ጓቲማላዊ ሁሉ አስተማሪሽ ነው። ለእናትሽ ደግሞ የሰውን እምነት ማጥናትና ማመን ለየቅል መሆኑን ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው።

የአባትሽ ነገር ላይ ግን ልቆይ ነው፤ ምክንያቱም ነክቶኛል።

መጀመሪያ ነገር ማያዎች አልሞቱም። እንደ ቲካል ያሉ ትልልቅ ከተሞቻቸው ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ባዶ ቀርተዋል፣ ሕዝቡ ግን አለ። ዛሬ በሜክሲኮ፣ በጓቲማላና በቤሊዝ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ከ20 በላይ የማያ ቋንቋዎች ይናገራሉ። በፈረንጆች 1562 (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው) ዲየጎ ዴ ላንዳ የተባለ የስፔን መነኩሴ ማኒ በምትባል ከተማ መጻሕፍታቸውን ሰብስቦ አቃጠለ። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት የጥንት የማያ መጻሕፍት አራት ናቸው። እንዲያም ሆኖ በጓቲማላ ደጋ የ260 ቀን ቆጠራቸውን እስካሁን የሚይዙ ቀን ቆጣሪዎች አሉ። ልጅ ሲወለድ ቀኑን፣ ችግር ሲመጣ ምክሩን እነሱ ጋ ሄዶ የሚጠይቅ አለ።

አባትሽን በዚህ ያዣቸው። ከ260ው ቀን ጎን ማያዎች ሌላ የ365 ቀን አቆጣጠር ነበራቸው። 18 ወር፣ እያንዳንዱ 20 ቀን፣ መጨረሻ ላይ 5 ትርፍ ቀን። ጳጉሜን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነው? (አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለቴ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ እንዲያ የሚል ካየሽ አትስሚው።) የሚለየው እኛ በጳጉሜን ሩፋኤል ዝናብ ልጆቻችንን ስናስጠምቅ እነሱ አምስቱን ቀን ክፉ ቀን ብለው ይፈሩት ነበር።

ሁለተኛው ነገር «አልተሰደድኩም» የምትለዋ ቃል ናት። እቅጩን ልንገርሽ፣ ይህን ቃል ከስንት ልጆች ሰምቻለሁ። የአባትሽ ድካም እውነት ነው፤ ሌሊት ኤርፖርት ሰልፍ ላይ መኪና ውስጥ የሚተኛ ሰው ድካም አይቀለድበትም። ስደቱን ግን አንቺ በነርሲንግ ዲግሪ የምትከፍይው ብድር አድርገው ካሰቡት ተሳስተዋል። ለአናቶሚ ሁለት ጊዜ ከፍለሻል። «አስተማማኙ» መንገድ እስካሁን ያስገኘልሽ ሁለት ኤፍ ነው። ነርስነት ትልቅ ሙያ ነው፤ አንቺ ግን ራስሽ እንደጻፍሽው ደም ስታዪ ራስሽን የሚያዞርሽ ልጅ ነሽ። በሽተኛውስ ምን በደለ?

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ታቲያና ፕሮስኩሪያኮፍ በ1909 ሩሲያ ውስጥ፣ ቶምስክ ተወለደች። አባቷ ኬሚስት ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሥራ ተልኮ ቤተሰቡን ይዞ አሜሪካ መጣ። አብዮቱ ፈነዳና እዚያው ቀሩ። ልጅቷ በ1930 በአርክቴክቸር ተመረቀች። ያ ጊዜ ሥራ የጠፋበት ጊዜ ነው፣ አርክቴክት የሚቀጥር የለም። ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ሄዳ ዕቃ መሳል ጀመረች። ሥዕሏን ያዩ ሰዎች ጓቲማላ፣ ፒየድራስ ኔግራስ የሚባል የማያ ከተማ ፍርስራሽ ላኳት። በ1960 አንድ ጽሑፍ አወጣች። እስከዚያ ድረስ ሊቃውንቱ የማያ ሐውልቶች ላይ ያለው ጽሑፍ ስለ ከዋክብትና ስለ ቀን አቆጣጠር ብቻ ነው ይሉ ነበር። እሷ ሐውልቶቹን በቡድን በቡድን ለይታ ቀኖቹን ስትቆጥር፣ አንዱ ቡድን የሚሸፍነው ጊዜ ከአንድ ሰው ዕድሜ እንደማይበልጥ አየች። የነገሥታት ታሪክ ነበር! መቼ እንደተወለዱ፣ መቼ እንደነገሡ። ይህች ሴት በዶክትሬት አልገባችም። በእርሳሷ ነው የገባችው።

እኔ ቀያሽ ነበርኩ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ምሰሶ እየተከልን ሳለ «ቁሙ» አሉን። ሁለት አርኪኦሎጂስቶች በየተወሰነው ርቀት ጠበብ ያለች ጉድጓድ እየቆፈሩ አፈሩን በወንፊት ይነፋሉ። አንደኛው ወንፊቱን ነቀነቀና ጥፍር የምታህል ነጭ የኳርትዝ ስንጣሪ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። የሰው እጅ የፈለጠው ነው። ጠርዙ እስካሁን ይቆርጣል። እኔ ብሆን ረግጬው አልፍ ነበር። ለምን እንዳስቆሙን ስጠይቅ ሕግ ነው አሉኝ። ከ1966 ጀምሮ የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበት ግንባታ ታሪካዊ ቦታ እንዳይጎዳ አስቀድሞ መጣራት አለበት። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው አርኪኦሎጂስት የሚበላው ከዚህ ነው እንጂ ከፒራሚድ አይደለም።

ስለዚህ ማያን ውደጂ፣ የእጅ ሙያ ግን ያዢ። ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወሪ፤ በብድር ውድ የግል ኮሌጅ እንዳትገቢ፣ በፍጹም። አንትሮፖሎጂ (የሰው ልጅ ጥናት፤ አርኪኦሎጂ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው) ስትማሪ ጂአይኤስና (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ማደራጀት) ካርታ ሥራ ጎን ለጎን ያዢ። (ቀያሽ ስለሆንኩ ነው የምለው ብትይ አልከራከርሽም።) በ2018 ይፋ የሆነው የጓቲማላ ጫካ ጥናት ከ60,000 በላይ ቤቶችን፣ መንገዶችንና ሌሎች ግንባታዎችን ያገኘው ከአውሮፕላን በሚተኮስ ሌዘር፣ ላይዳር በሚሉት ነው። ያንን ካርታ አንብቦ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ማንም የመሬት መሥሪያ ቤት ይቀጥረዋል። አንድ ክረምት የቁፋሮ ልምምድ ውሰጂ፤ ያለሱ የመስክ ሥራ ማግኘት ይከብዳል።

አልዋሽሽም፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው በኮንትራት ነው፣ ከሞቴል ሞቴል መዞር አለው፣ ደሞዙም ከነርስ ያንሳል። ከፍ ለማለት ማስተርስ ይጠይቃል። ለአያትሽ በየወሩ የምትልኪያትን ገንዘብ አስልተሽ ግቢ።

አባትሽ ከሥራ ሲያርፉ አኮኪክ፣ ፒስካታዌይ ፓርክ ውሰጃቸው። ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ፖቶማክ ወንዝ ዳር የፒስካታዌይ ሕዝብ (ከፈረንጆቹ በፊት የነበሩ ነባር አሜሪካውያን) ጥንታዊ መንደር የነበረበት ቦታ ነው፤ ሕዝቡም አልሞተም፣ ሜሪላንድ በ2012 በይፋ አውቆታል። አብራችሁ ተራመዱ፣ ስለ ሥራ አታንሺባቸው።

አናቶሚን ለሦስተኛ ጊዜ ተመዝግበሽ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ የሚመለስበት ቀን ሳያልፍ ውጪ።